መዝገቡን ማስረከብ፦ የተማሪዎች ማኅበራት፣ ምሩቃንና የአመራር ትምህርት

(በጫሞ ካምፓስ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለምሩቃን የቀረበ ይፋዊ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



 የተሰጠኝ ርእስ በተማሪዎች ማኅበራት አባላትና በምሩቃን ዘንድ የአመራር ብቃትን ስለ ማጎልበት ነው። ርእሱን በተቀበልሁ ዕለት ማታ መጽሐፍ ከመግለጤ በፊት ቤቴ ያለ አንድ አሮጌ ሣጥን ከፈትሁ። በሣጥኑ ውስጥ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው አንድ የሒሳብ መዝገብ አለ። ንግግሬን ከእርሱ እንድጀምር ፍቀዱልኝ።

በ1980ዎቹ እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን አንድ የመረዳጃ ማኅበር አቋቋምን። ዓላማው ቀላል ነበር፤ ሳሙናና ደብተር መግዣ ላጣ፣ ለክረምት ወደ አገሩ መሳፈሪያ ላልነበረው ተማሪ መድረስ ነው። እያንዳንዱ አባል ከኪሱ በየወሩ ጥቂት ሳንቲም ያዋጣል። እኔ ጸሐፊም ገንዘብ ያዥም ነበርሁ፤ ሁለቱን ሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያዝሁ። ሌላ ሰው ይያዘው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አላነሣሁም። ታታሪ ነህ እየተባልሁ እመሰገን ነበርና ምስጋናው ጣመኝ። ተመርቄ ስወጣ መዝገቡን ከልብሴ ጋር በሻንጣ ጠቅልዬ ሄድሁ። ክፋት አልነበረብኝም፤ የምረከበው ሰው ሲመረጥ እልከዋለሁ ብዬ ነበር። የሚመረጥ ሰው ግን አልነበረም፤ ማንንም አላዘጋጀንምና። በሚቀጥለው ዓመት ማኅበሩ ፈረሰ። በመዝገቡ የመጨረሻ ገጽ ላይ በየወሩ እንዲረዱ የተወሰነላቸው የ11 ተማሪዎች ስም ተጽፏል። ከእነርሱ ስንቶቹ ትምህርታቸውን እንደ ጨረሱ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ይህን የምነግራችሁ ለኑዛዜ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ መሪ የመሰልሁ ሰው፣ የመሪነቱ ፈተና በመጣበት በአንዲት ቀን እንደ ወደቅሁ ለማሳየት ነው። ዛሬ የማቀርበው ሐሳብም ከዚህ የሚነሣ ነው፦ አመራር የሚለካው ሥልጣን በሚያዝበት ቀን ሳይሆን በሚለቀቅበት ቀን ነው። የተማሪዎች ማኅበር ደግሞ ይህን ለመማር ከማንኛውም ተቋም የበለጠ ምቹ ስፍራ ነው፤ ምክንያቱም አባላቱ ወደዱም ጠሉም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይለቃሉ።

፩. ወንድማማችነት ብቻውን አይበቃም

ወጣቶች ከቤተ ሰባቸው ርቀው በአንድ ግቢ ሲኖሩ ወንድምና እኅት ይሻሉ። ይህ በየአገሩ ያለ ነገር ነው። በአሜሪካ በፊደል ስም የሚጠሩት የተማሪዎች ወንድማማችነት ማኅበራት ታሪክ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1776 በቨርጂኒያ፣ በዊልያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ከተቋቋመው ፋይ ቤታ ካፓ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ደግሞ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰባት ጥቁር ተማሪዎች አልፋ ፋይ አልፋ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። በነጮች መካከል ጥቂት ሆነው ይማሩ ለነበሩት ተማሪዎች ማኅበሩ መጠጊያቸው ነበረ፤ ቆየት ብሎም ማርቲን ሉተር ኪንግ ከአባላቱ አንዱ ሆኗል። ከእነዚህ ማኅበራት ብዙዎቹ አባሎቻቸውን ከተመረቁም በኋላ አይለቁም፤ ምሩቃኑ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ታናናሾቻቸውን ይመክራሉ፣ ሥራ ያፈላልጋሉ።

ይሁንና ይኸው ወንድማማችነት ሌላም ፊት አለው። አዲስ ገቢውን ማዋረድ፣ በመጠጥና በድብደባ መፈተን በእነዚያ ማኅበራት ውስጥ ሥር ሰድዶ የሰው ሕይወት እስከ ማጥፋት ደርሷል። በአፍሪካም ምሳሌ አለን። እ.ኤ.አ. በ1952 ወሌ ሾይንካና ስድስት ጓደኞቹ በኢባዳን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የ“ፓይሬትስ”ን ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ የመደብ ኩራትንና ጎሠኝነትን ለመቃወም ነበር። በኋለኞቹ ዐሥርት ዓመታት ግን በናይጄሪያ ግቢዎች ያንኑ መልክ የወረሱ ሌሎች ስውር ቡድኖች ተፈጠሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የግድያና የማስፈራራት መሣሪያ ሆኑ። በጎ ዓላማ የነበረው ቅርጽ በሌላ እጅ ወደ ክፉ ተለወጠ።

የእኛ ግቢዎች በፊደል የሚጠራ ማኅበር የላቸውም፤ የነገሩ ሥር ግን አለን። የተማሪዎች ኅብረት አለን፤ የበጎ አድራጎት፣ የሥነ ጽሑፍ፣ የሥርዓተ ፆታና የአካባቢ ጥበቃ ክበባት አሉን። በየሃይማኖቱ የሚሰበሰቡ ጉባኤዎች አሉን። የአንድ አካባቢ ልጆች የሚገናኙባቸው፣ ደንብም መዝገብም የሌላቸው ስብስቦች አሉን። ከሁሉም በላይ የአንድ ዶርም ልጆችና የአንድ ባች ጓደኝነት አለን፤ እርሱም ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ የታመመ ጓደኛ ሲያስታምሙ፣ ያዘነ ሲያጽናኑ አይተናል። በ2012 የመጀመሪያዎቹ ወራት ደግሞ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ሲነሣና የተማሪ ሕይወት ሲጠፋ፣ የመጡበት አካባቢ የሚያሰባስባቸው ወጣቶች እርስ በርስ እንዴት ሊፈራሩ እንደሚችሉም አይተናል። እንግዲህ መተሳሰር በራሱ መልካምም ክፉም አይደለም። ለማን ተጠያቂ ነው? በሩ ለማን ክፍት ነው? መሪው መቼና እንዴት ይለቃል? የሚወስኑት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው።

፪. ከታሪካችን የምንማረው

የኢትዮጵያ ተማሪዎች ማኅበር ታሪክ ከአገሪቱ ታሪክ ተለይቶ አይነገርም። በ1943 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር የተማሪው ቁጥር እጅግ ጥቂት ነበር። በ1954 ኮሌጆቹ ተጠቃለው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት፣ ማኅበራቱ ከመዝናኛና ከክርክር ክበብነት ወጥተው የአገር ጉዳይ የሚነጋገሩባቸው መድረኮች ሆኑ። ከ1957 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር እየወጡ ማስተማርና መሥራት ግድ ሆነባቸው፤ ብዙዎቹም የገበሬውን ኑሮ በዓይናቸው ያዩት ያኔ ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር “መሬት ለአራሹ” የሚለው ድምፅ በአዲስ አበባ ጎዳና ተሰማ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ።

ያ ትውልድ ለእውነት ሲል ራሱን እስከ መስጠት የደረሰ ትውልድ ነው። በዚህ ማንም አይወዳደረውም። ነገር ግን ዛሬ ስለ አመራር ስለምንነጋገር፣ በአክብሮት አንድ ከባድ ጥያቄ ልናነሣ ይገባናል። የእነዚያ ማኅበራት ምሩቃን ኋላ ምን ሆኑ? በ1960 በሃምቡርግ መኢሶን ተመሠረተ። በ1964 በበርሊን ኢሕአፓ የሆነው ድርጅት ተመሠረተ። መሥራቾቻቸው ባብዛኛው በአንድ ንቅናቄ ውስጥ ያደጉ፣ በአገር ቤት፣ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ በነበሩት የተማሪ ማኅበራት መድረኮች ላይ የተገናኙ ሰዎች ናቸው። መጽሔቶቻቸውን ተዋውሰው ያነቡ ነበር፤ በአብዛኛው ጉዳይም ይስማሙ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ ግን ክርክራቸው በጥይት ተጨረሰ፤ ደርግም ሁለቱንም በየተራ በላቸው።

ለዚህ ውድቀት ብዙ ምክንያት ይቀርባል፤ የዘመኑ ርእዮተ ዓለም፣ የደርግ ጭካኔ፣ የአገሪቱ ቅራኔ ሁሉ ድርሻ አላቸው። እኔ የምጨምረው አንድ የአመራር ትምህርት ብቻ ነው። ማኅበራቱ ተማሪውን መከራከር አስተማሩት፤ በክርክር ተሸንፎ አብሮ መቀመጥን ግን አላስተማሩትም። መጻፍን አስተማሩት፤ ማስረከብን አላስተማሩትም። ንጉሣዊው መንግሥት በነጻነት እንዲለማመደው ስላልፈቀደለት ጭምር ነው። የሃያ ዓመት ወጣት መሸነፍን በትንሽ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ በክበብ ምርጫ ላይ ካልተለማመደ፣ በአርባ ዓመቱ አገር በእጁ ሲገባ አዲስ ጠባይ አያመጣም።

ከዚህ ከራሳችን ደጅ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ላንሣ። ዩኒቨርሲቲያችን በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ተቋም ሆኖ ሥራ የጀመረ፣ በ1996 ወደ ዩኒቨርሲቲነት ያደገ ነው። ያንን ተቋም ለዓመታት በዲንነት የመሩት አቶ ኃይለ ማርያም ደሳለኝ ኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በየካቲት 2010 ደግሞ ከሥልጣን ለመልቀቅ ራሳቸው ጠየቁ። ስለ ዘመነ ሥልጣናቸው እያንዳንዳችን የየራሳችን ፍርድ ሊኖረን ይችላል። በኢትዮጵያ አንድ መሪ በሕይወትና በጤና እያለ “ልልቀቅ” ማለቱ ግን እምብዛም ያልታየ ነገር ነበር። ያን ቀን ብዙ ሰው መደነቁ በራሱ ስለ ልማዳችን የሚነግረን ነገር አለ።

፫. ዱቡሻና ሀላቃ

ሥልጣንን በወግ መቀበልና በወግ መልቀቅ ለእኛ ባዕድ ትምህርት ነውን? አይደለም። ከዚህ ካምፓስ ቀና ብላችሁ የምታዩአቸው ተራሮች ላይ ሲሠራበት ኖሯል።

ጋሞ በየደሬው የራሱ ዱቡሻ አለው። ዱቡሻ የአደባባይ መሰብሰቢያ ነው፤ ሰዎች በድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆነው ከሰማይ በታች ይነጋገሩበታል። ስብሰባው በምርቃት ይከፈታል፤ በምርቃት ይዘጋል። ሰው ተነሥቶ ይናገራል፤ ሲናገር አይቋረጥም። ጉዳዩ በእጅ ብልጫ አይወሰንም፤ እስኪስማሙ ድረስ ይነጋገራሉ፤ ካልተስማሙም በሌላ ቀን ይመለሱበታል። ፈረንሳዊው የሰው ልጅ ጥናት ምሁር ማርክ አቤሌስ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን በምትገኘው ኦቾሎ ተቀምጦ ያጠናው ይህንኑ ነበር፤ ስለ ፖለቲካ ምንነት ለመጻፍ የዱቡሻን ድንጋዮች መነሻ ማድረጉ ሊያስደንቀን አይገባም።

በጋሞ ሁለት ዓይነት ሹመት ጎን ለጎን ኖሯል። ካዎ ሹመቱን በዘር ሐረግ ይወርሳል። ሀላቃ ግን በጉባኤ ይመረጣል፤ ለተወሰነ ጊዜ ያገለግላል፤ ከዚያም ለሌላው ይለቃል። ሀላቃ የሚሆነው ሰው ሹመቱን ለመቀበል ካከማቸው ሀብት ለአካባቢው ሕዝብ ይደግሳል። በሹመቱ ዘመን ለሌላው ሰው የተፈቀደው ብዙ ነገር ለእርሱ ክልክል ነው። ሹመቱ ጎሜን ከማኅበረ ሰቡ የማራቅ ኃላፊነት አለበት፤ ጎሜ ማለት ሥርዓት ሲጣስ የሚመጣ፣ ከአጥፊው አልፎ ለሁሉም የሚተርፍ ጥፋት ነው። ሀላቃው ሳይበጅ ከቀረ ጉባኤው ሊያወርደው ይችላል። ሮዳ ሃልፐሪንና ጁዲት ኦልምስቴድ የተባሉ ተመራማሪዎች ስለ ዶርዜ ድግስ ሰጪዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት ርእስ ላይ የተጠቀሙበት ቃል “መያዝ” የሚል ነው፤ ለሹመት የሚበቃው ባለጸጋ ተፈልጎ፣ ተይዞ የሚሾም ነውና። ሹመት የሚያበለጽግ ሳይሆን የሚያስወጣ ከሆነ፣ ሰው አይሽቀዳደምለትም፤ ማኅበረ ሰቡ ሰውን ይፈልጋል እንጂ።

ይህን ከእኛ የክበብ ምርጫ ጋር አነጻጽሩት። የእኛ ተማሪ በፖስተርና በቴሌግራም ይቀሰቅሳል። ከተመረጠ ማኅተም ይይዛል፤ ለስልጠና ይላካል፤ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። አስቀድሞ ያወጣው ነገር የለም፤ የሚከለከለውም ነገር የለም፤ የሚለቅበትም ቀን በግልጽ አልተጻፈም። እኛ መምህራንም አመራር እናስተምር ስንባል የምናዘጋጀው የሦስት ቀን ስልጠና ነው። ከሦስቱ ቀን አዳራሹ የሚሞላው የምስክር ወረቀት በሚሰጥበት የመጨረሻው ቀን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

የዱቡሻን ሥርዓት ስናነሣ ግን እንከኑን መሸፈን ለምሁር አይገባም። ሴቶች በዱቡሻ ላይ እንደ ወንዶች እኩል ድምፅ አልነበራቸውም። በሸክላና በቆዳ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖች፣ ማናና ደጋላ እየተባሉ፣ ከሹመትና ከመሬት ተገልለው ኖረዋል። የሀብት መጠን የሹመት በር መሆኑም ድኻውን ያስቀራል። ስለዚህ ሥርዓቱን እንዳለ ወደ ግቢያችን እናምጣው አልልም። ከሥርዓቱ የምንወስደው አሳብ አለ፤ የምንተወው አጥር አለ።

፬. ሣር የያዙ አባቶች

ለምሩቃን ልናገረው የምፈልገው ነገር አለና ወደ መስከረም 2011 ልመልሳችሁ። በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ጥቃት ብዙ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው፣ ብዙዎችም ተፈናቅለው ነበር። የሐዘኑ ወሬ አርባ ምንጭ ሲደርስ የከተማው ወጣት በቁጣ ወጣ። ጥፋት ባልሠሩ ሰዎችና በንብረታቸው ላይ በቀል ሊፈጸም ተቃርቦ ነበር። በዚያ ሰዓት የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በወጣቱ ፊት ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ።

ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፎቶግራፉ በአገሪቱ ሁሉ ዞሯል። እኔ የምጠይቀው ወጣቱ ስለ ምን እንደ ተመለሰ ነው። አባቶቹ መሣሪያ አልያዙም። የመንግሥት ሹመት አልነበራቸውም። የሚቀጡበት እስር ቤት፣ የሚሰጡት ሥራም የላቸውም። ሣሩ የእርቅ ምልክት ነው፤ ምልክቱ የሚሠራው ግን ያዢው የታመነ ሲሆን ነው። በባህላችን ሽማግሌ በሸንጎ ሲፈርድ፣ በእርቅ ላይ ሲቀመጥ፣ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው፤ ለራሱ የሚፈልገው ነገር ስለሌለ ይሰማል። የሥልጣን ዘመኑ ካለፈ በኋላ የሚቀረው ኃይል ይህ ነው። ትእዛዝ የለበትም፤ እጅግ ግን ብርቱ ነው።

ምሩቃን ሆይ፣ በማኅበራችሁ ውስጥ የእናንተ ስፍራ ይህ ይመስለኛል። በየቦታው የማየው ግን ከሁለት አንዱን ነው። አንዳንዱ ምሩቅ ከግቢው በር በወጣ ማግስት ማኅበሩን ይረሳል፤ እኔ እንደ ረሳሁት። ሌላው ደግሞ አይለቅም፤ ሥራ ከያዘ ከአምስት ዓመት በኋላም በስልክ ሊቀ መንበር ያስመርጣል፣ በሚልከው ገንዘብ ልክ ይታዘዝልኝ ይላል፣ በግቢ ሳለ የነበረውን ጠብ ለታናናሾቹ ያወርሳል። የመጀመሪያው ማኅበሩን ያስርባል። ሁለተኛው ልጆቹን ሳያድጉ ያስረጃል፤ በራሳቸው ስሕተት እንዳይማሩ ይከለክላቸዋልና።

፭. ምን እናድርግ?

አሳቤን ወደ ተግባር ላቅርበው። የምጠቅሳቸው ነገሮች ትልቅ በጀት አይጠይቁም፤ ብዙዎቹንም እናቶቻችንና አባቶቻችን በእድር ሲሠሩባቸው ኖረዋል። እድር ዳኛ አለው፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ሁለቱም አንድ ሰው አይሆኑም። ደንብ አለው፤ የቀረ ይቀጣል፤ ዳኛውም ቢሆን ይቀጣል። ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች ያቆሙት ተቋም ከእኔ የተማሪ ማኅበር የበለጠ ዕድሜ የኖረው በዚህ ነው።

አንደኛ፣ ሸክም ከሹመት ይቅደም። ለማኅበር አመራር የሚቀርብ ሰው አስቀድሞ ቢያንስ አንድ ዓመት ስም በማያስወጣ ሥራ ያገልግል፤ ወንበር ያነሣ፣ ቃለ ጉባኤ የጻፈ፣ የታመመ አባል ሆስፒታል ያደረሰ ይሁን። ሀብታም ብቻ የሚችለውን የሀላቃ ድግስ በጉልበትና በጊዜ እንለውጠው፤ ያን ጊዜ ድኻውም ይደግሳል። አዲስ ገቢን መፈተን ካስፈለገም ፈተናው ይህ ይሁን፤ ማዋረድ የማንም ባህል ሊሆን አይገባም።

ሁለተኛ፣ የሥልጣን ዘመን ይወሰን፤ ርክክብም ሥርዓት ይኑረው። አንድ ሰው አንድን ኃላፊነት ከአንድ ዓመት በላይ አይያዝ፤ ገንዘብና ጽሕፈት በአንድ እጅ አይግቡ። ተተኪው የሥልጣን ዘመኑ ከማለቁ ከሦስት ወር በፊት ተመርጦ ከነባሩ ጎን ይሥራ። በርክክቡ ቀን መዝገቡ በአባላት ሁሉ ፊት ይነበብ፤ ያልተፈጸመው ሥራም ከተፈጸመው እኩል ይነገር። ስሕተቱን በጉባኤ ፊት አንብቦ የሚያስረክብ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ ከየትኛውም የስልጠና አዳራሽ የማይገኝ ትምህርት ተምሯል።

ሦስተኛ፣ በትንሽ ነገር መሸነፍን እንለማመድ። በከባድ ጉዳይ ላይ ቶሎ ድምፅ አንስጥ። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ብዙኃኑ የተቃዋሚውን ምክንያት ተቃዋሚው “አዎን፣ ያልሁት ይህን ነው” እስኪል ድረስ ደግመው ይናገሩት። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ዱቡሻም ጊዜ ይወስዳል። ከተሸነፈ በኋላ ለውሳኔው የሚሠራ ሰው ሲገኝ፣ በቀጣዩ ዓመት እርሱን ለአመራር እጩት።

አራተኛ፣ በሩ ይከፈት። የአንድ አካባቢ ልጆች መሰባሰባቸው አይከለከልም፤ ናፍቆት ነው፤ የሰው ጠባይ ነው። ነገር ግን ገንዘብ የሚሰበስብና መሪ የሚመርጥ ስብስብ ሁሉ ደንቡ የተጻፈ፣ ስብሰባው የታወቀ፣ ከሌላው ማኅበር ጋር በዓመት ቢያንስ አንድ ሥራ በጋራ የሚሠራ ይሁን። ዱቡሻ ያጎደለውንም እኛ እንሙላ፤ ሴት ተማሪዎች በጸሐፊነት ብቻ ሳይሆን በሰብሳቢነትም ይቀመጡ። በዚህ ግቢ ባሳለፍሁት ዘመን ቃለ ጉባኤ ሁልጊዜ ሴት ተማሪ እንድትይዝ፣ ወንበሩን ወንድ እንዲይዝ ሲደረግ ያየሁት ጥቂት ጊዜ አይደለም፤ እኔም አማካሪ ሆኜ ዝም ያልሁበት ጊዜ አለ።

አምስተኛ፣ ምሩቃን ሣር ይያዙ እንጂ ማኅተም አይያዙ። የምሩቃን ኅብረት ገንዘብ ይርዳ፤ መሪ ግን አይምረጥ። በዓመት አንድ ቀን መጥቶ መዝገብ ይመርምር፣ ጠብ ካለ ያስታርቅ፣ የሥራ ዓለምን ይንገር፤ ከዚያ ይሂድ። በየውኃ ቢሮው፣ በየግንባታው ሥፍራ፣ በየትምህርት ቤቱ የተበተኑት ምሩቃኖቻችን አንድ ተማሪ ለአንድ ወር የሥራ ልምምድ ቢቀበሉ፣ ከምረቃ በዓል ንግግር ሁሉ የላቀ ስጦታ ነው።

የመምህራን ድርሻም አለ። የክበብ አማካሪ መሆን በእኛ ዘንድ ፊርማ ማኖር ሆኗል። ሒሳብ አያያዝን፣ ቃለ ጉባኤ አጻጻፍን፣ ስብሰባ አመራርን ቁጭ ብሎ ማስተማር እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይቆጠራል። እኔ ግን እላለሁ፤ ስለ አመራር ጽንሰ አሳብ ሃምሳ ገጽ ካነበበ ተማሪ ይልቅ፣ የአንድ ዓመት ገቢና ወጪ ሳይጎድል ያስረከበ ተማሪ ነገ ወረዳም ቢሰጠው አያሳፍርም።

በዚህ ዞን ሽመና የማያውቅ የለምና በዚህ ልደምድም። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ ይተወዋል፤ ድሩ ባለበት ይቆያል። ማጉ ግን ይመላለሳል፤ እየተመላለሰም ያልቃል። ቀለም በጨመረ ቁጥር ከሌላው ጋር ይጋጠማል። ደንቡና መዝገቡ ድር ናቸው፤ እናንተ ተማሪዎች በየዓመቱ የምትገቡና የምትወጡ ማግ ናችሁ። ድር ብቻውን ጋቢ አይሆንም፤ ድር የሌለው ማግም ክምር ክር ነው።

ሣጥኑን ከከፈትሁ በኋላ ያን መዝገብ እንደ ገና አነበብሁት። ሒሳቡን ደመርሁ፤ ሰባት ብር ከስልሳ ሳንቲም ይጎድላል። የት እንደ ገባ አላስታውስም። ጉድለቱን ከደብዳቤ ጋር አድርጌ፣ መዝገቡን ማኅበሩ ለነበረበት ተቋም የተማሪዎች አገልግሎት ለመላክ አሽጌዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የዘገየ ርክክብ ነው። የሚረከበው ወጣት ማን እንደሚሆን አላውቅም፤ የ11ዱን ስም ግን በደብዳቤው ላይ በድጋሚ ጽፌዋለሁ።

እናንተ የእኔን ያህል አትዘግዩ።